ሪስክ ስትጀምሩ አገር ሳይሆን በር ቁጠሩ

አዲስ ሰው ሪስክ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ልናስተምር ስናስቀምጥ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ካርታውን ዘርግተን፣ ጠጠሩን አከፋፍለን "በል ቦታ ያዝ" ስንለው ጣቱ ቀጥ ብሎ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያርፋል። ካርታው ላይ ኢትዮጵያ የሚል ስም የለም፤ ምሥራቅ አፍሪካ በምትባለው ሰፊ ቦታ ውስጥ ተጠቃልላለች። ቢሆንም አገር አገር ነው። አገሩን ለሌላ ሰው ትቶ ብራዚልን የሚይዝ ማን አለ?

ታናሽ እህቴም ይህንኑ አደረገች። እሁድ ከሰዓት ነበር፣ ደሴ፣ እኛ ቤት፣ ቡናው ገና እየተቆላ። አራት ነበርን፦ እኔ፣ እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የመጣው የአጎታችን ልጅና አንድ የሰፈር ጓደኛ። እህቴ ምሥራቅ አፍሪካን ያዘች። ቀጥላ ማዳጋስካርን። ከዚያ ደቡብ አውሮፓን፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ ስለጣማት ካምቻትካን። ስምንት ጠጠር ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ቆለለችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከአቦል ወደ ቶና ሳንደርስ የአጎታችን ልጅ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ጓደኛችን ከሰሜን አፍሪካ ገቡባት። ስምንቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሁለት ሆነ። ሦስተኛው ዙር ላይ "ይሄ ለእኔ የሚሆን አይደለም" ብላ ስኒ ልታጥብ ተነሳች።

ነገሩ ከነከነኝ። ልጅቷ ሒሳብ ላይ እኛን ሁላችንንም ትበልጣለች። የተሸነፈችው ማሰብ አቅቷት አይደለም። ገና አንድ ዳይስ ሳይጣል፣ ቦታ ስትመርጥ ነው የተሸነፈችው፤ እኛ ደግሞ እያየን ዝም አልናት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው የዳይሱን ህግ ሳይሆን የት መቀመጥ እንዳለበት ነው። እዚህም የምጽፈው እሱን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ። ሪስክን ያወጣው አልቤር ላሞሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ፊልም ሠሪ ነው፤ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሰሌዳው የዓለም ካርታ ነው። 42 ቦታ፣ 6 አህጉር አለው። ቦታ ትይዛላችሁ፣ በየተራችሁ ጠጠር ትጨምራላችሁ፣ የጎረቤታችሁን ቦታ በዳይስ ታጠቃላችሁ። እኛ የምንጫወተው ካርታውን ካርቶን ላይ ሥለን ነው። ዳይሱ የሉዶ ነው፤ አምስት ያስፈልጋል፣ ሦስት ለሚያጠቃው፣ ሁለት ለሚከላከለው። ጠጠራችን ደግሞ ቀይ ቦሎቄ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ሽምብራና ባቄላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይነት።

በጨዋታው ህግ እነዚህ ወታደሮች ናቸው። እኛ ግን እንደ ገበጣው ጠጠር ነው የምንላቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገብቶ ያየነውን አይተናል፤ እናቴ ባለችበት ቤት ውስጥ "ወታደር አስገባሁ" እያልን መጮህ አልፈለግንም። አዲስ ሰው ስትጋብዙ ይህንንም አስቡበት።

በር ማለት ምንድን ነው

አንድ አህጉር ሙሉ በሙሉ የያዘ ሰው በየተራው ተጨማሪ ጠጠር በጉርሻ ያገኛል። ጀማሪ የሚያየው ይህንን ጉርሻ ብቻ ነው። እስያ 7 ትሰጣለች። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ እያንዳንዳቸው 5። አፍሪካ 3። ደቡብ አሜሪካና አውስትራሊያ 2፣ 2። ሰባት ከሁለት ስለሚበልጥ እስያ ላይ ይዘረጋል፤ እስያ ደግሞ 12 ቦታ ናት፣ አንዷን ሲይዝ ሌላዋ ታመልጠዋለች።

መቁጠር ያለባችሁ በሩን ነው። በር የምለው ከሌላ አህጉር ሰው ሊገባባችሁ የሚችልባቸውን ቦታዎች ነው። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሸዋ በር የሚባል ሰፈር አለን፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ወይም ሐረጎን አስቡት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ አንድ ሲኖትራክ ጠመዝማዛው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ከዘጋ፣ ከኋላው ያለው ሚኒባስም አይሱዙም ሁሉም ሞተር አጥፍቶ ይቆማል። አንድ በር ያለው አህጉር እንደዚያ ነው፤ በሩ ላይ ከተቆለለ ጠጠር ጀርባ ያለው ቦታ ሁሉ በአንድ አንድ ጠጠር እንኳ ይቀመጣል፣ ማንም አይደርስበትም።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ደሴ የሚወጣው፣ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደው እዚያ ይገናኛል። ለንግድ እንዲህ ያለ ቦታ በረከት ነው። አሥር ጠጠር ይዞ ለተቀመጠ ጀማሪ ግን መገናኛ ቦታ ጭንቅ ነው፤ አንዱን ሲጠብቅ በሌላው ይገቡበታል። የአጎታችን ልጅ ይህን ስለው ቅር ይለዋል፣ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

አሁን ምሥራቅ አፍሪካን እንያት። ጎረቤቶቿ ግብፅ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ ኮንጎ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ማዳጋስካርና መካከለኛው ምሥራቅ ናቸው። ስድስት! እህቴ ስምንት ጠጠር የቆለለችው በስድስት አቅጣጫ በተከፈተ ቦታ ላይ ነው።

አህጉሮቹ አንድ በአንድ

አውስትራሊያ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት። አራት ቦታ ብቻ ናት፦ ኢንዶኔዥያ፣ ኒው ጊኒ፣ ምዕራብ አውስትራሊያና ምሥራቅ አውስትራሊያ። በሯ አንድ ነው፤ ከሲያም ወደ ኢንዶኔዥያ። ሲያም የዛሬዋ ታይላንድ ያለችበት ነው። ሌላ መግቢያ የለም። ጉርሻዋ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቃታል። እስቲ አስሉት። አራት ሰው ሲጫወት እያንዳንዱ 10 ወይም 11 ቦታ ይይዛል። በየተራው የሚገኘው ጠጠር የቦታው ብዛት ለሦስት ተካፍሎ ነው፣ ትርፉ ይጣላል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሲጀምር 3 ያገኛል። አውስትራሊያን የያዘ 5 ያገኛል። በአምስት ዙር ከሌላው 10 ጠጠር ይበልጣል ማለት ነው። ጨዋታው ገና ሲጀመር አሥር ጠጠር ትልቅ ነገር ነው።

ችግሯንም ልንገራችሁ። ከአውስትራሊያ መውጫውም ያው አንድ በር ነው፣ የሚያወጣውም ወደ እስያ ነው፣ እስያን ደግሞ ይዞ መቆየት ከባድ ነው። ስለዚህ እዚያ ተደላድሎ እስከ መጨረሻው መቀመጥ አይቻልም። ሌሎቹ አምስት አምስት ጉርሻ መብላት ሲጀምሩ ሁለቷ ታንሳለች። ጠጠር ሲጠራቀምላችሁ ዋናውን ክምር ከኢንዶኔዥያ አውጥታችሁ ሲያም ላይ አስቀምጡት። ሲያም ላይ ሆናችሁም አውስትራሊያ የተጠበቀች ናት፣ በዚያ ላይ እናንተ ሲያም ላይ እስካላችሁ ድረስ ማንም እስያን ሙሉ አድርጎ ሰባቷን አይወስድም። አንድ ክምር ሁለት ሥራ ሠራ።

ሁለተኛዋ ደቡብ አሜሪካ ናት፤ እኔ በግሌ ለራሴ የምመርጣት እሷን ነው። ቬኔዙዌላ፣ ፔሩ፣ ብራዚል፣ አርጀንቲና። አራት ቦታ፣ ሁለት በር። ቬኔዙዌላ ከመካከለኛው አሜሪካ ጋር ትዋሰናለች፣ ብራዚል ደግሞ ባሕር ተሻግራ ከሰሜን አፍሪካ ጋር። በሩ ሁለት ስለሆነ ጠጠራችሁን ለሁለት ትከፍላላችሁ፤ ከአውስትራሊያ በዚህ ትከብዳለች። ግን መውጫዋ ያምራል። በአንዱ ወደ አፍሪካ፣ በሌላው ወደ ሰሜን አሜሪካ ትሄዳላችሁ፣ ሁለቱም ደግሞ ሊያዙ የሚችሉ አህጉሮች ናቸው። አፍሪካን የሚፈልግ ሰው በዚህ በኩል ይምጣ፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ሰሜን አሜሪካ 9 ቦታና 3 በር አላት፦ አላስካ፣ ግሪንላንድ፣ መካከለኛው አሜሪካ። ለሚሰጠው 5 ጠጠር ሦስት በር ጥሩ ዋጋ ነው። ግን ዘጠኝ ቦታ መሙላት ጊዜ ይፈጃል፣ አራት ሰው ባለበት ጨዋታ ማንም ዝም ብሎ አያሞላችሁም። ሦስት ሰው ስትሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ 14 ቦታ ይይዛል፣ ጠጠሩም 35 ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ጀማሪም ቢሆን ሰሜን አሜሪካን ቢያልም አልቃወምም። አላስካ ከካምቻትካ ጋር እንደምትገናኝ ግን አትርሱ፤ ካርታው ላይ አንዷ ግራ ጫፍ ሌላዋ ቀኝ ጫፍ ስለሆኑ አዲስ ሰው ሁልጊዜ ይዘነጋታል።

አውሮፓ ያው 5 ትሰጣለች፣ ቦታዋም 7 ብቻ ነው። ይሄ ያታልላል። በሮቿ አራት ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ዩክሬን ብቻዋን ከእስያ በኩል ለኡራል፣ ለአፍጋኒስታንና ለመካከለኛው ምሥራቅ ክፍት ናት፣ ደቡብ አውሮፓም ለሰሜን አፍሪካ፣ ለግብፅና ለመካከለኛው ምሥራቅ። ኮምቦልቻ አልኳችሁ አይደል፣ እዚህ ሁለት ኮምቦልቻ አለ። ተዉት።

እስያን ጨርሶ አትሞክሩ። አፍሪካ 6 ቦታ፣ 3 በር፣ 3 ጉርሻ፤ መሐል ላይ ናት። ለመጀመሪያ ቀን ግን አትሆንም።

ቦታ ስትይዙ ቅደም ተከተሉ

አንድ ጠጠር ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ተራው ዞሮ እስኪደርሳችሁ ሦስት ሰው ያስቀምጣል። "አውስትራሊያን እይዛለሁ" ብላችሁ አራቱንም ተከታትላችሁ የምትይዙበት ዕድል እንግዲህ ትንሽ ነው። ልምድ ያለው ሰው ሁለተኛ ጠጠራችሁን ሲያይ ሐሳባችሁን ያውቃል፣ ሦስተኛዋ ላይ አንድ ጠጠር ጣል ያደርግባችኋል። ይሄ ያለ ነው፣ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ኢንዶኔዥያን ያዙ። በሩ እሷ ናት። በሩ የእናንተ ከሆነ ውስጥ የገባው ሰው ከጀርባችሁ ተዘግቶበታል፤ ከውጭ ጠጠር ሊያደርስለት አይችልም፣ መውጣት ከፈለገም በእናንተ ላይ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ከተቻለ ሁለት ጨምሩ። ከአራቱ ሦስቱን ካገኛችሁ አራተኛዋን በመጀመሪያ ተራችሁ ትወስዷታላችሁ፣ ይበቃል።

ከመጀመሪያው አንድ ሰው አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ቦታ ከያዘ ግን ውጡ። ወዲያው። ጀማሪዎችን በብዛት ሲያጠፋ ያየሁት ይሄ ነው፤ ሁለት ሰው አውስትራሊያን ሁለት ሁለት ይካፈላል፣ አንዱም አይለቅም፣ እዚያ ጥግ ላይ ጠጠራቸውን ሲጨራርሱ የቀሩት ሁለቱ በሰላም አህጉር ይሞላሉ። ሁለቱም ከሁለት ያጣ ሆነው ይቀራሉ። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚባለው እዚህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ኢንዶኔዥያ፣ ቀጥሎ ሁኔታውን አይታችሁ ወይ ሁለተኛ አውስትራሊያ ወይ ብራዚል። ሦስተኛ ጠጠራችሁ ላይ ስትደርሱ የትኛው እንደሚያዋጣ ታውቁታላችሁ።

የቀሩት ስድስትና ሰባት ቦታዎች እዚህም እዚያም መበተናቸው አይቀርም። እነሱንም ቢሆን በዘፈቀደ አትያዙ። ሌላው ሰው ሊሞላ የሚፈልገው አህጉር ውስጥ አንድ አንድ ጣሉ። አንዷ ጠጠር ብቻዋን አትቆይም፣ ትበላለች። ግን እስክትበላ ድረስ ሰውየው ጉርሻውን አያገኝም፣ እሷን ለመብላትም ጠጠር ያወጣል። እነዚህን "የኔ" ብላችሁ አትጠብቋቸው፤ ሲሄዱ ሸኟቸው።

የቀረውን ጠጠር የት እንቆልል

አራት ሰው ስትሆኑ እያንዳንዱ 30 ጠጠር አለው። 10 ወይም 11 ለቦታ መያዣ ይሄዳል፣ 19 ወይም 20 ይቀራል። እህቴ ያኔ ስምንቱን ምሥራቅ አፍሪካ አድርጋ የቀረውን ለሁሉም ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አከፋፈለች። ለሁሉም እኩል መስጠት ደግነት ይመስላል፣ ዳይሱ ግን ይቀጣል። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

የሚያጠቃው እስከ ሦስት ዳይስ፣ የሚከላከለው እስከ ሁለት ዳይስ ይጥላል። ትልቁ ከትልቁ፣ ቀጣዩ ከቀጣዩ ይወዳደራል፣ እኩል ከወጣ የተከላካዩ ነው። ሦስት በሁለት ሲጣል ከ100 ጊዜ 37 ያህሉን ተከላካዩ ሁለት ጠጠር ያጣል፣ 29 ያህሉን አጥቂው ሁለት ያጣል፣ በቀረው አንድ አንድ ይጣጣላሉ። ማለትም ብዙ ጠጠር ይዞ የሚያጠቃ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል። ሦስት ዳይስ በአንድ ጠጠር ላይ ሲጣል ደግሞ ከ100 ወደ 66 ጊዜ ያሸንፋል። አንድ በአንድ ሲሆን ግን አጥቂው የሚያሸንፈው 42 ጊዜ ያህል ነው። ሦስት ዳይስ ለመጣል ቢያንስ አራት ጠጠር አንድ ቦታ ላይ ያስፈልጋል፣ አንዷ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትቀራለችና። ሁለት ሁለት የተበተነ ጠጠር ሲያጠቃ ደካማውን ወገን፣ ሲከላከል ደግሞ የሚቆለልበትን ወገን ይይዛል። በሁለቱም ይጎዳል።

ስለዚህ ሁለት ክምር ብቻ ይኑራችሁ። አውስትራሊያ ላይ ከሆናችሁ ከሃያዋ አሥራ ሁለት ያህሉን ኢንዶኔዥያ ላይ አድርጉ፤ ሲያም ላይ የቆመው ሰው አይቶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ውስጥ አንድ ቦታ የሌላ ሰው ከሆነች ከአጠገቧ ባለው ቦታችሁ ላይ አምስት ስድስት ቆልሉ። የቀሩት ሁለት ሦስት የትም ይሁኑ። ደቡብ አሜሪካ ከሆናችሁ ክምሩ ቬኔዙዌላና ብራዚል ላይ ነው፤ ፔሩና አርጀንቲና አንድ አንድ ይበቃቸዋል፣ አታባክኑ። ብራዚልን ትንሽ አብልጡላት፣ ሰሜን አፍሪካ ስድስት ጎረቤት ያላት ቦታ ስለሆነች ባለቤቷ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ የሚመጣው አዲስ ባለቤት ምን ዓይነት እንደሆነ አታውቁም።

ቦታው በምርጫ ሳይሆን የቦታዎቹ ስም ባለበት ካርድ ከታደለ አካሄዱ ትንሽ ይለወጣል። ካርዳችሁን ገልጣችሁ ካርታው ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከትንንሾቹ ሁለት አህጉሮች በየትኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ደርሶኛል? እዚያ ቆልሉ። በሁለቱም አንድ አንድ ወይም ምንም ከደረሳችሁ አንዱ ባለቤት ገና ያልታወቀበትን ፈልጋችሁ ከደጁ ተቀመጡ፣ ሲያም ወይም መካከለኛው አሜሪካ ላይ፣ እና ጊዜ ጠብቁ።

ጎረቤት

ይሄ ህጉ ላይ አይጻፍም፣ ግን ከቦታው እኩል ነው። ከጎናችሁ ማን ተቀመጠ? ብራዚልን ከያዛችሁ ዳይስ ሳይጣል በፊት የሰሜን አፍሪካውን ሰው አናግሩት። "አንተ ብራዚልን አትንካ፣ እኔም ሦስት ዙር ድረስ ሰሜን አፍሪካን አልነካም" በሉት። ሁለታችሁም የሚጠበቅ በር አንድ ቀነሰላችሁ። ጨዋታው ቃሉን እንድታከብሩ አያስገድድም፣ ግን ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ በተሰጠ ቃል ላይ የሚቀልድ ሰው አላጋጠመኝም። ጀማሪ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። አትፈሩ፣ መነጋገር የጨዋታው አካል ነው።

ለምታስተምሩትም አንድ ነገር። አዲሱን ሰው ዝም ብላችሁ አትዩት። እዚህ አስቀምጥ ብላችሁ ጣቱን ይዛችሁ አትምሩት፣ እሱም ያበሽቃል፤ "በሩ ስንት ነው?" ብቻ በሉት፣ ራሱ ይቆጥራል። እኛ አሁን አዲስ ሰው ካለ ዳይስ ሳንጣጣል መጀመሪያ እንዲመርጥ እናደርጋለን። ቡናውም በሦስት ዙር ነው የሚጠጣው፣ እንግዳ በአቦሉ ተበልቶ በረካውን ስኒ እያጠበ መጠበቅ የለበትም።

የመጀመሪያ ተራ

ቦታችሁን ይዛችሁ ተራው ሲደርስ ሦስቷን ጠጠር ክምራችሁ ላይ ጨምሩና አንድ ቦታ ብቻ አጥቁ። ከአጠገባችሁ አንድ ጠጠር ብቻ ያለባትን። አህጉራችሁን የምትሞላ ከሆነች እሰየው። በአንድ ተራ ቢያንስ አንድ ቦታ የያዘ ሰው ካርድ ያገኛል፣ ሦስት የሚገጥሙ ካርዶች ሲሞሉ ጠጠር ሆነው ይመለሳሉ። አንዷን ወስዳችሁ ካርዳችሁን ተቀብላችሁ አቁሙ። ዳይሱ ሲቀናችሁ "አንድ ልጨምር" የሚለው ስሜት ይመጣል፤ በመጀመሪያው ዙር እሺ አትበሉት። በሩ ላይ ያለው ክምር ቀጥኖ ተራውን ለሌላ ያስረከበ ሰው ተመልሶ ሲደርሰው ያው አይጠብቀውም።

አፍሪካን ለሚፈልጉ

አገራችሁን መያዝ ከፈለጋችሁ ደስ ይለኛል፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ከውጭ ኑ። ደቡብ አሜሪካን ሞልታችሁ ሁለቷን ጉርሻ አራት አምስት ዙር ብሉ፣ ብራዚል ላይ አሥራ አምስት ያህል ሲጠራቀም ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገሩ። ሰሜን አፍሪካን ከያዛችሁ የብራዚል በር ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ብራዚል ላይ አንድ ጠጠር ይበቃል፣ ክምሩ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል። ቀጥሎ ኮንጎን፣ ደቡብ አፍሪካንና ማዳጋስካርን ውሰዱ፤ እነዚህ የውስጥ ስለሆኑ ጠባቂ አይፈልጉም። ምሥራቅ አፍሪካንና ግብፅን በመጨረሻ፣ ሁለቱንም ከተቻለ በአንድ ተራ። አፍሪካ ስትሞላ በየተራው 5 ጉርሻ አላችሁ፣ የምትጠብቁትም አራት በር ነው፦ ቬኔዙዌላ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ ግብፅና ምሥራቅ አፍሪካ።

እህቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተቀመጠች፤ እናቴ ናት ያስቀመጠቻት። ቀይ ቦሎቄዋን ይዛ ካርታውን ዝም ብላ አየች፣ ጣቷ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት፣ ከዚያ ተሻግራ ብራዚል ላይ አስቀመጠች። ቡናው አልቆ ረከቦቱ ከተነሳ ቆይቶ ነበር ሰሜን አፍሪካ የገባችው። ምሥራቅ አፍሪካን ይዞ የነበረው የአጎታችን ልጅ ነው። አራት ሽምብራ ነበረው፣ እሷ አሥራ አንድ ቦሎቄ። ሦስት ጊዜ ዳይስ ተጣለ። አራተኛዋን ሽምብራ አንስታ በእጁ አስጨበጠችውና ቦሎቄዎቿን አንድ በአንድ እየቆጠረች ማስገባት ጀመረች።